ለይልማ ያልተረጎምኩለት

ሥራዬ ለሰው አፍ መሆን ነው። ለንደን ውስጥ እንግሊዝኛው ያልገፋለት ያገሬ ሰው ሐኪም ፊት፣ ዳኛ ፊት ወይም ሃውሲንግ የሚሉት የቤት ጉዳይ ቢሮ ሲቀርብ፣ መሀል ተቀምጬ የእሱን ለእነሱ፣ የእነሱን ለእሱ አደርሳለሁ። አስተርጓሚ ነኝ። የሙያው ሕግ ጥብቅ ነው። አንድ ቃል አይጨመርም፣ አንድ ቃል አይቀነስም። ሰውዬው «አመመኝ» ካለ እኔም «አመመኝ» እላለሁ እንጂ «አመመው» አልልም። ስድብ ከሆነም ስድቡን እንዳለ ነው። በዚህ ነገር ድርቅ ያልኩ ሰው ነበርኩ። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ነርሷን በአማርኛ ሲሰድቧት አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩባቸውና፣ እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ ያስቀረሁት ነገር የለም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር።

ያስቀረሁት አንድ ጊዜ ነው። ያስቀረሁበትም ሰው ወንድሜ ነው።

ይልማን በአሥራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር። ለሕፃን ልጅ መርዶ አይነገርም ተባለና፣ «እማዬ ፀበል ሄዳለች በይው» አሉኝ። አልኩት። ከሰፈር ልጆች አፍ እውነቱን እስኪሰማ ድረስ ለወራት በር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው ደረጃ ላይ አገኘው ነበር። ከዚያ በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

ለንደን የመጣው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። አርችዌይ ሰፈር ያለችው ፍላት ቤቴ ውስጥ፣ ከእኔና ከልጄ ከቤዛ ጋር፣ ሣጥን በምታክለው ክፍል ገባ። የቤዛ አባት ከተለየን ቆይቷል። ቤዛ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ይልማ ቀን ቀን የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቦታ ይሠራል፤ እንግሊዝኛው ከ«የስ» እና ከ«ቴንክዩ» ብዙም አያልፍም። ቤዛ አስተማሪ ልሁንልህ አለችው። የመማሪያ መጽሐፏም ያኔ ያበደችለት፣ ከጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ተከታታይ ልብ ወለድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷ ታነብለታለች፣ ትቆማለች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ታስረዳዋለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። ሰባቱን መጻሕፍት በስድስት ዓመት እንዲህ ጨረሷቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ተራሮች ተነሥተው የሚራመዱበት አገር አለ። አንዲት ልጅ ከባድ ደወል በጀርባዋ አዝላ ከመንደር መንደር ትዞራለች፤ ተራራ ሊነሣ ሲል እየደወለች ሰዉን ታስጠነቅቃለች። ወንድሟን ግን አንዱ ተራራ ውጦታል። ሰባተኛው መጽሐፍ ሲያልቅ ወንድሟ ተኝቶ ያለበት ተራራ ሥር ትደርሳለች። ከደወለች ወንድሟ ይነቃል፤ ተራራውም አብሮ ይነቃና ሥሩ ያለው መንደር ላይ ይናዳል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ይቆማል። የመጨረሻው ቅጽ በእንግሊዝኛ አልወጣም ነበር።

ሁለቱ በዚህ ጉዳይ አንድ ዓመት ሙሉ ተከራከሩ። ቤዛ «አትደውልም» ትላለች። ይልማ «ትደውላለች» ይላል። «ካልደወለች ለምን ተሸከመችው?» ነበር መከራከሪያው። እራት ላይ ሳይቀር ሲነታረኩ፣ የአርባ ዓመት ሰው በሕፃን ተረት እንዲህ ይሟገታል እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቤዛ እየጮኸች መጣች። የመጨረሻው ቅጽ ጃፓን ውስጥ በአኒሜሽን ፊልም ተሠርቷል፤ በቅርብ ለንደን ይገባል። አብረን ካላየነው ብለው ተማማሉ።

ፊልሙ ሳይገባ ይልማ ታመመ። መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ከሳ፣ ከዚያ ሆስፒታል ተኛ። ጉበቱ ላይ ዕጢ አለ ተብሎ ሕክምና ጀመረ። ሁለት ወር ሙሉ በሐኪሙና በእሱ መሀል የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ሆስፒታሉ የቤተሰብ ሰው ባያስተረጉም ይሻላል፣ ሌላ ሰው እንጥራ ብሎ ነበር። የሥራ ባጄን አውጥቼ አሳየኋቸው። ደግሞ በኩራት ነው ያሳየሁት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሟ መጣችና ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ሐኪም ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ምን እንደሚከተል ከሥራዬ አውቃለሁ።

«ካንሰሩ ተሰራጭቷል» አለች በዝግታ። «ሕክምናው ከዚህ በኋላ ይጎዳዎታል እንጂ አይጠቅምዎትም። አዝናለሁ። የቀረዎት ጊዜ አጭር ነው፤ ምናልባት ጥቂት ሳምንታት፣ ምናልባትም ቀናት። ማየት የሚፈልጉት ሰው፣ መናገር የሚፈልጉት ነገር ካለ ጊዜው አሁን ነው።»

ከዚያ እንድተረጉም ጠበቀችኝ። ይልማ አፌን አፌን ያያል። ዓይኑ ያው በር ላይ የተቀመጠው የአራት ዓመት ልጅ ዓይን ነው።

«ሕክምናው ሰውነትህን ስላደከመው ለጊዜው ያቆሙታል» አልኩት። «ትንሽ ታርፋለህ። ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ ቤትህ ትገባለህ።»

ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። የሥራ ድምፄ ነበር። ይልማ በረጅሙ ተነፈሰና ፈገግ ብሎ በራሱ እንግሊዝኛ «ቴንክዩ ዶክተር» አላት። ሐኪሟ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ገብቶታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ገብቶታል አልኩ። ኮሪደር ላይ ስትሸኘኝ ወንድሜ እንዴት ያለ ጠንካራ ሰው እንደሆነ ነገረችኝ።

ማታውን ጋሽ መኩሪያ ጋ ደወልኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ በክፉም በደጉም የምናማክራቸው። ያደረግኩትን ነገርኳቸው። «ደግ አደረግሽ ልጄ» አሉኝ። «በሽተኛ ተስፋው ከተቆረጠ በምን ይኖራል?» እውነት ለመናገር እፎይ አልኩ። ለቤዛም እንዳልነግራት ተስማማን። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ትልቁ ፈተና ደርሷል፤ ምን ያስቸኩላል አልን።

ፊልሙ በዚያው ሳምንት ገባ። ቤዛ አጎቷን ጋሼ ነው የምትለው፤ «ጋሼ እስኪወጣ አላይም» አለች። ያኔ አንድ ዘዴ መጣልኝ። እሱ ወደ ሲኒማ እንደማይሄድ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ እሷ አይታ ብትነግረው፣ ቢያንስ መጨረሻውን ሳይሰማ አይሄድም። «እሑድ እንሂድ፣ አብሬሽ እገባለሁ፤ ከዚያ በቀጥታ ሄደን ትነግሪዋለሽ፣ ደስ ይለዋል» አልኳት። እምቢ ብትልም ለመንኳት።

በጃፓንኛው የሚያሳዩት ጥቂት ሲኒማ ቤቶች ስለነበሩ እሑድ ቀትር ላይ ሼፈርድስ ቡሽ ድረስ ሄድን። ስለ ፊልሙ ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። ሥዕሉ ያምር ነበር። ያቺ ልጅ ደወሏን አዝላ ጎንበስ ብላ በጭጋግ ውስጥ ስትሄድ ስትሄድ፣ እኔ ስለ ጥቂት ሳምንታትና ስለ ቀናት አስባለሁ። መጨረሻው ላይ ተራራው ሥር ደርሳ ደወሉን ከጀርባዋ ስታወርድ እንባዬ አልቆም አለኝ። ቤዛ እንዳታየኝ ተነሥቼ ወጣሁ። ፈንዲሻ በሚሸትበት ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ እስኪያልቅ ቆየሁ።

ቤዛ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። «ማሚ፣ ዘ ኤንዲንግ! ሚስ አደረግሽው» አለችኝ። ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት፣ ለጋሼ ስትነግሪው አብሬ እሰማለሁ አልኳት። በባቡር ስንሄድ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ይልማ ትራስ ተደግፎ ጠበቀን። ፊቱ ጠቁሮ ጉንጩ ገብቷል፤ ግን ጸጉሩን አበጥሯል። ቤዛ ገና ከበሩ «ጋሼ፣ ገስ ዋት...» ስትል እጁን አነሣ።

«አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ» አላት። «በሚቀጥለው እሑድ እኔው ራሴ አየዋለሁ። እናትሽ ጥቂት ሳምንት ነው ብላኛለች፤ እኔ ግን በሳምንት ነው የምወጣው።»

ቤዛ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ በርቷል። «ማሚ፣ ፎር ሪል? ይወጣል?»

ሁለቱም አዩኝ። ከማክሰኞው ይልቅ ይሄኛውን ቅጽበት ነው ዛሬም የማልረሳው። ማክሰኞ ድንገት ነበር የያዘኝ፤ እሑድ ግን አምስት ቀን አስቤበት ነበር። የገዛ ልጄ በግልጽ ቋንቋ ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ቆይቼ ደግሞ፣ ፊልሙ ከሲኒማ ቢወርድስ፣ ለማንኛውም ትንገርህ ብዬ ልገፋፋው ሞከርኩ። ቤዛ ስልኳን አውጥታ ቼክ አደረገች። አልወረደም፤ በሚቀጥለው እሑድም አለ። እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት ወንበር ቡክ አደረገች፣ መሀል ረድፍ፣ ጎን ለጎን። ይልማ «አንድ ነገር ብቻ፤ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ አንቺ?» አላት። አፏን በሁለት እጇ አፍና ሳቀች። እሱም ሳል እስኪይዘው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዘዴዬን ያፈረሰብኝ የራሴው ውሸት ነበር፤ እንደሚወጣ የነገርኩት ሰው ለምን ብሎ መጨረሻውን አስቀድሞ ይሰማል?

ሰኞ ጠዋት ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ ለአንዲት እናት ቀጠሮ ነበረኝ። ስለ ቤታቸው እርጥበት ነው የሚያመለክቱት። እንደ ደንቡ ስልኬን አጥፍቼ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሻጋታና ስለ ጣሪያ፣ ቃል ሳልጨምር ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ወጥቼ ስልኬን ስከፍት አራት ጥሪ አምልጦኛል። አራቱም ከሆስፒታል ነው።

መልሼ ስደውል ነርሷ አነሣች። ቶሎ ኑ አለችኝ። ልጅቷንም ይዘሽ ነይ አለችኝ።

ቤዛን ከትምህርት ቤቷ አስጠርቼ ታክሲ ውስጥ አስገባኋት። እዚያ ውስጥ ነው የነገርኳት፤ ሌላ ጊዜ አልቀረኝም። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። ከማክሰኞ አልኳት። በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ፊቷን ሳታዞር፣ «ትላንት ጠየቅኩሽ» አለች።

ስንደርስ ይልማ ራሱን ስቷል። ቀትር ላይ ደም አስታውኮ ነው አሉን። ነርሷ ወደ ጎን ጠርታ የሆነውን ነገረችኝ። ጠዋት ሰውነቱን ስታጥበው፣ በዚያ በቅዳሜ እንግሊዝኛው፣ «ሲስተር፣ ትሩዝ። ኔክስት ሰንደይ፣ አይ ጎ ሲኒማ?» ብሎ ጠየቃት። ሐኪሟ እንደነገረችው መዝገቡ ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ የሚያውቀውን እያረጋገጠ መሰላት። እጁን ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ፊቱን አይታ ነው እንዳልተነገረው የገባት። ከዚያ ለእህቴ ደውዪልኝ አላት። ስልኬ አልነሣ ሲል የሚለውን እንድትጽፍለት ለመናት። የምግብ ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው። ያኔ ያላደረግኩትን አሁን ላድርግ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተርጉመው።

«እህቴ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ለእናቴም እንዲህ። አልተቆጣሁም። ልጅቷ ትምጣ። መጨረሻውን ትንገረኝ።»

ይሄን የተናገረው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ እስከ ቀትር ድረስ ነቅቶ በሩን በሩን ሲያይ ነበር አለችኝ ነርሷ። ስለ በሩ ባትነግረኝ ይሻል ነበር። ግን እሷ የምታስቀር ሰው አይደለችም።

ጆሮ ከሁሉ በኋላ ነው የሚደክመው፣ ሊሰማችሁ ይችላል፣ አናግሩት አለችን። ቤዛ ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ጠርዝ ላይ ወጥታ አጠገቡ ጋደም አለች፤ አፏን ጆሮው ሥር አድርጋ ጀመረች። ከፊልሙ መጀመሪያ ነበር የጀመረችው። ሶፋው ላይ እንደለመደችው በዝግታ ትናገራለች፣ ትቆማለች፣ በተሰባበረ አማርኛዋ ታስረዳዋለች፣ ትቀጥላለች። እኔ እግሩ በኩል ቆሜያለሁ። ሹክሹክታዋ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ተራራው ሥር ስትደርስ በድምፅዋ አወቅሁት። ያን ጊዜ ልሰማ ሁለት እርምጃ ጠጋ አልኩ። አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ወደ ነበርኩበት እስክመለስ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ከተመለስኩ በኋላ ጎንበስ ብላ ጨረሰችለት።

ይልማ አንድም ጣት አላንቀሳቀሰም። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል፣ ገና ፀሐይ በመስኮቱ እያለች፣ ዐረፈ። ሰምቷት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እሑድ ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ የቤዛ ስልክ ጮኸ። የሲኒማው ማስታወሻ ነው፤ ፊልሙ ሊጀምር ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ጃኬቷን ለበሰች። ሴቶቹ ወዴት ናት ብለው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። በሐዘን ሲኒማ ምን የሚሉት ነው ብለው አጉረመረሙ። ጋሽ መኩሪያ ከልክያት አሉኝ። «ይተዋት ጋሼ» አልኳቸው። «እስካሁን የከለከልኳት ይበቃል።» ሄዳ አንዱን ወንበር ባዶውን አስቀምጣ ከጎኑ አይታው መጣች።

ይሄው ሁለት ዓመት አለፈ። ያደረግኩትን ለአሠሪዎቼ ራሴ ሄጄ ተናገርኩ። ከሥራ አገዱኝ፣ እንደገና ሥልጠና አስገቡኝ፣ መለሱኝ። አሁንም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እጅጌዬን የሚይዙኝ ቤተሰቦች አሉ። «እባክሽ እህቴ፣ እንዳትነግሪው» ይሉኛል። በክፋት አይደለም፤ ፍቅር ነው፣ አውቀዋለሁ፣ በደሜ ውስጥ አለ። የምነግረው ሐኪሙ ያለውን ነው እላቸዋለሁ። ተቀይመውኝ የሚገቡ አሉ።

ይሄን የምታነቡ፣ በሰው አገር ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ፣ ለወንድማችሁ አፍ የሆናችሁ፣ እኔ ደንባችን መጥፎ ነው ልላችሁ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ። ያን ቀን እኔ ለይልማ ፈራሁለት እል ነበር። ዋሽቻለሁ። የፈራሁት ለራሴ ነው። ፊቱ ሲለወጥ ማየት ፈራሁ። ያቺ ነርስ ግን አየችው፤ እኔ እህቱ ማየት የነበረብኝን ፊት የማያውቃት ሴት አየችልኝ። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ሁለት ጊዜ በር ላይ ሰው ጠብቆ ቀረ። ሁለቱንም ጊዜ ያስጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ቤዛ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነች። እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ትምህርቷ እናወራለን። አልጮኸችብኝም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ እወድ ነበር። ሲያማትም ሆነ ሲከፋት የምትነግረኝ ነገር የለም፤ ደህና ነኝ ብቻ ነው መልሷ። ዝም ማለትን ከማን እንደተማረችው አውቃለሁ።

ፊልሙ አሁን ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ይገኛል። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። እስከ ዛሬ አልተጫንኩትም። ባለፈው ወር ለእረፍት መጥታ ዕቃ ስናጥብ፣ ሳህን እያቀበልኳት፣ እንደ ዋዛ ጠየቅኋት።

«ያቺ ልጅ ግን መጨረሻ ላይ ደወለች እንዴ?»

ሳህኑን አድርቃ ቦታው አስቀመጠች። እጇን በፎጣው ጠረገች።

«እሱን ለጋሼ ነው የነገርኩት» አለችኝ።